የፈቃድ ጾም መንፈሳዊ ትርጉም በእስልምና፦ የሸዋል ስድስት ቀናት በድሬዳዋ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የፈቃድ ጾም (የሱና ጾም) በእስልምና ያለውን መንፈሳዊ ትርጉም በድሬዳዋ በስፋት ከሚጾሙት የሸዋል ስድስት ቀናት አንጻር ይመረምራል። መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ ግዴታ ያልሆነ ጾም ቤተሰብና ጎረቤት በአንድነት የሚጾመው ልማድ ሲሆን የፈቃድነቱ ትርጉም ምን ይሆናል? ጽሑፉ ሐዲሦችንና የፊቅህ ድንጋጌዎችን ከአካባቢው ልማድ ጋር እያገናዘበ፣ የፈቃድ ጾም ሕግ ላላ ብሎ የሚታይባቸው ቦታዎች የጾሙ መንፈሳዊ ትምህርት የተቀመጠባቸው መሆናቸውን ለማሳየት ይሞክራል።

ቁልፍ ቃላት፦ የፈቃድ ጾም፣ ሸዋል፣ ኢኽላስ፣ ቀዷ፣ ሻፊዒይ መዝሀብ፣ ድሬዳዋ

1. መግቢያ

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር የሚወስደው ተራራ አስቸጋሪ ሆኖበት በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ በደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ እያደጉ ከተማዋን መሠረቱ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩን ነዋሪዎች 341,834 አድርጎ መዝግቧል። ከእነዚህም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሙስሊሞች፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታዮች ነበሩ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪውና ሌላውም በአንድ ሰፈርና በአንድ ገበያ የሚኖርባት ከተማ በመሆኗ፣ የአንዱ ጾም ከሌላው ዓይን የተሰወረ አይደለም። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም ሙስሊሙ ያውቃል፤ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሙስሊም ጎረቤት ያለውም ክርስቲያን እንዲሁ።

የረመዳን ጾም አብቅቶ ዒድ አል-ፈጥር በተከበረ ማግስት፣ በዚህች ከተማ ብዙ ቤተሰቦች እንደገና ለሱሁር ይነሣሉ። የሚጾሙት የሸዋልን ስድስት ቀናት ነው። ጾሙ ግዴታ አይደለም፤ ያልጾመው ኃጢአተኛ አይባልም፤ ያቋረጠውም ከፋራ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ እናት ስትጾም ልጅ የሚከተላት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን «ስንተኛህን ያዝህ?» እያለ የሚጠያየቅበት የጋራ ልማድ ሆኗል። ይህ ሁኔታ የፈቃድ ጾምን ትርጉም ለመመርመር ጥሩ አጋጣሚ ይሰጣል። ፈቃድ የግል ነገር ነው፤ ልማድ ደግሞ የብዙኃን ነው። ሁለቱ በአንድ ጾም ላይ ሲገናኙ የትኛው እንደሚገዛ መጠየቅ የግድ ይሆናል።

2. የፈቃድ ጾም በሸሪዓ ያለው ቦታ

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 183 የጾምን ግብ ተቅዋ፣ ማለትም አላህን መፍራትና ከክፉ መጠበቅ፣ ያደርገዋል። በተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ከታዘዘው በላይ በፈቃዱ መልካም ነገር የሚጨምር ሰው ለራሱ እንደሚበጀው ይገለጻል። የፊቅህ ሊቃውንት የፈቃድ ጾምን የሚጠሩበት «ተጠዉዕ» የሚለው ስም ከዚሁ ቃል ሥር የወጣ ነው።

በሱና ከተወደዱት የጾም ቀናት መካከል የሸዋል ስድስት ቀናት፣ የዙልሒጃ ዘጠነኛ ቀን (ዐረፋ)፣ የሙሐረም አሥረኛ ቀን (ዓሹራ) ከዘጠነኛው ጋር፣ በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ፣ በየወሩ 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ቀን፣ እንዲሁም የሻዕባን ወር አብዛኛው ክፍል ይጠቀሳሉ። ከሁሉም ብልጫ ያለው የነቢዩ ዳውድ ጾም፣ ማለትም አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን መፍታት፣ እንደሆነ ተዘግቧል። በአንጻሩ ሁለቱን የዒድ ቀናትና ከዒድ አል-አድሓ ቀጥለው የሚመጡትን ሦስት የተሽሪቅ ቀናት መጾም ክልክል ነው። ዓርብን ብቻውን ነጥሎ መጾምም የተጠላ ነው።

የፈቃድ አምልኮ ከግዴታው ጋር ያለው ግንኙነት ቡኻሪ በዘገቡት አንድ ሐዲሥ አልቁድሲ ይብራራል። የሐዲሡ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ባሪያ ወደ ጌታው ከሚቀርብባቸው ነገሮች ሁሉ የተወደደው ግዴታን መፈጸም ነው፤ ከዚያ በኋላ በፈቃድ ሥራዎች መቅረቡን ከቀጠለ የአላህን ውዴታ ያገኛል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቅደም ተከተል አለ፤ ትርፍ የሚባለው ዋናው ከተሟላ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የፈቃድ ሥራ ፍሬ ከቅጣት መዳን ሳይሆን ውዴታ ነው። ባለዕዳ ዕዳውን ሲከፍል ከተጠያቂነት ይወጣል፤ ዕዳ ሳይኖርበት የሚሰጥ ሰው ግን ወዳጅነትን ይፈልጋል።

3. ከሐዲሥ ወደ አካባቢ ልማድ

የሸዋል ጾም መነሻ ሙስሊም ከአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲሥ ነው። ረመዳንን ጾሞ ስድስት ቀን ከሸዋል ያስከተለ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደጾመ እንደሚቆጠርለት ይገልጻል። ሊቃውንቱ ሒሳቡን የሚያብራሩት አንድ መልካም ሥራ በአሥር እጥፍ ይመነዳል ከሚለው መርሕ ነው፦ 30 ቀን በአሥር ሲባዛ 300፣ ስድስቱ ቀን በአሥር ሲባዛ 60፣ በጠቅላላው 360፤ ይህም በቁጥር የዓመት ያህል ነው።

ይሁንና ሊቃውንቱ ሁሉ ጾሙን በአንድ ዓይን አላዩትም። ኢማም ሻፊዒይና ኢማም አሕመድ የተወደደ ነው ሲሉ፣ የመዲናው ኢማም ማሊክ በ«ሙወጦእ» መጽሐፋቸው ሳይቀበሉት ቀርተዋል። ስጋታቸው ያልተማረው ሕዝብ ከረመዳን ያልሆነውን ከረመዳን ጋር አያይዞ ግዴታ እንዳያስመስለው ነው። ኢማም ማሊክ ካለፉ ከ1,200 ዓመታት በላይ ቢቆጠሩም ስጋታቸው ጊዜው ያለፈበት አይደለም። ሸዋልን አለመጾም የሚያሳፍርበት ቤት ባለበት ሁሉ ጥያቄያቸው እንደገና ይነሣል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሻፊዒይ መዝሀብ በስፋት የሚሠራበት በመሆኑ ጾሙ ሥር ሰዷል። በዚህ መዝሀብ ስድስቱ ቀናት በወሩ ውስጥ ተበታትነው ቢጾሙም ይበቃሉ፤ ብልጫው ግን ከዒድ ማግስት ጀምሮ በተከታታይ መጾም ነው። ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሐረር ይህ ብልጫ የዘመን መቁጠሪያ ሆኗል። ከሸዋል ሁለተኛ ቀን ጀምሮ የሚጾመው ስድስት ቀን ሲያበቃ ሸዋልኢድ (ሹዋሊድ) ይከበራል። ሕዝቡ በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበራ አዋች ተሰብስቦ በዱዓና በዚክሪ ያመሻል። ክብረ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2023 በቦትስዋና ካሳኔ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የድሬዳዋ ሐረሪዎች የዚህ በዓል ተካፋዮች ናቸው፤ ሌሎቹም የከተማዋ ሙስሊሞች የበዓሉን ሥርዓት ባይጋሩም ጾሙን ይጋራሉ።

በዚህ አኳኋን አንድ የግል ሱና የጋራ በዓል ወልዷል። ነገር ግን በረመዳንና በሸዋል መካከል ሸሪዓው ያቆመውን ወሰን ማስተዋል ይገባል። በዒድ አል-ፈጥር ቀን መጾም ክልክል ነው። ሠላሳ ቀን ሲጾም የከረመ ሰው በዚያ ቀን እንዲበላ ይታዘዛል፤ መጾም ቢፈልግ እንኳ አይፈቀድለትም። ትናንት መጾም መታዘዝ ነበር፤ ዛሬ መብላት መታዘዝ ነው፤ ከነገ ጀምሮ የሚመጣው ግን በገዛ ፈቃድ የሚደረግ ነው። ያ አንድ ቀን ግዴታውንና ፈቃዱን እንዳይቀላቀሉ ይለያቸዋል፤ የኢማም ማሊክ ስጋት ከፊል መልስም በዚህ ይገኛል።

4. ሦስት ድንጋጌዎችና የሚያስተምሩት

የፈቃድ ጾም ሕግ ከግዴታው ጾም የሚለይባቸው ነጥቦች ላይ ላዩን ሲታዩ ማቅለያዎች ብቻ ይመስላሉ። ወደ ውስጥ ሲታዩ ግን እያንዳንዳቸው የጾሙን ጠባይ ይገልጣሉ።

የመጀመሪያው የኒያ ጊዜ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የረመዳን ኒያ ከንጋት በፊት በሌሊት መያዝ አለበት። የፈቃድ ጾም ኒያ ግን ጎህ ከቀደደ ወዲህ የሚያፈርስ ነገር ካልተፈጸመ ፀሐይ ከአናት እስክታዘነብል ድረስ ሊያዝ ይችላል። ማስረጃው የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ዘገባ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ወደ ቤት ገብተው የሚበላ ነገር መኖሩን ጠየቁ፤ እንደሌለ ሲነገራቸው እንግዲያስ ጾመኛ ነኝ አሉ። በሌላ ቀን ደግሞ ከቴምር የተሠራ ምግብ በስጦታ መምጣቱ ሲነገራቸው፣ ጾመው ያነጉ ቢሆንም በሉ። በመጀመሪያው ቀን ማጣት ወደ አምልኮ ተለወጠ፤ በሁለተኛው ቀን ስጦታ በምስጋና ተወሰደ። ማለዳ ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ቀፊራ ገበያ የወጣ ተሸካሚ ረፋዱ ላይ ረኃቡን ወደ ጾም ቢለውጠው ሕጉ በሩን አይዘጋበትም። ረኃቡ ያው ረኃብ ነው፤ የተለወጠው የልቡ አቅጣጫ ነው።

ሁለተኛው ጾሙን የመፍታት ጉዳይ ነው። የረመዳንን ጾም ያለ ምክንያት መፍታት ከባድ ኃጢአት ነው። የፈቃድ ጾመኛ ግን በሻፊዒይና በሐንበሊ ሊቃውንት ዘንድ የራሱ አዛዥ ነው፤ ቢፈታ ቀዷ የለበትም። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች በበኩላቸው የተጀመረ አምልኮ መቋረጥ የለበትም በሚል መነሻ ያፈረሰው እንዲተካ ያዝዛሉ። ቡኻሪ የዘገቡት የሰልማንና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ታሪክ የመፍታትን ፈቃድ ምሥጢር ያሳያል። ሰልማን ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ሌሊቱን በሶላት ቀኑን በጾም ስለሚያሳልፉ ሚስታቸው ችላ መባላቸውን ይገነዘባሉ። ማዕድ ሲቀርብ አቡ ደርዳእ ጾመኛ መሆናቸውን ይናገራሉ፤ ሰልማን ግን እርስዎ ካልበሉ አልበላም ብለው ያስፈቷቸዋል። ከዚያም ጌታ፣ የገዛ ነፍስና ቤተሰብ እያንዳንዳቸው በሰው ላይ መብት እንዳላቸው ይመክሯቸዋል። ነቢዩም ይህን ሰምተው ሰልማን እውነት መናገሩን አጸደቁ።

ታሪኩ በድሬዳዋ ሸዋል ሩቅ አይደለም። ሸዋል የዒድ ጥየቃ ያላለቀበት፣ በረመዳን የቆየው ሠርግ የሚደገስበት ወር ነው። ማዕድ ያቀረበ ዘመድ ወይም ክርስቲያን ጎረቤት ፊት ጾመኛው ሁለት መንገድ አለው፦ ጾመኛ ነኝ ብሎ በዱዓ መመለስ ወይም ጾሙን ፈትቶ አብሮ መብላት። የሻፊዒይ ሊቃውንት መለኪያ የጋባዡ ልብ ነው፤ አለመብላቱ የሚከብደው ከሆነ መፍታቱ ይመረጣል። ስለዚህ የፈቃድ ጾም የሰውን ልብ እስከ መስበር የሚደርስ ሥልጣን የለውም።

ሦስተኛው ገደብ ነው። ወጣቱ ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ለመጾም ሲነሣ፣ ነቢዩ በወር ሦስት ቀን እንዲጾም መከሩት። ከዚያ በላይ እችላለሁ እያለ ሲለምን የዳውድ ጾም ላይ አቆሙት፤ ከዚህ የሚበልጥ እንደሌለም ነገሩት። ሰውነቱ፣ ዓይኑ፣ ሚስቱና እንግዳው መብት እንዳላቸውም አሳሰቡት። ዐብደላህ ካረጀ በኋላ የተሰጠውን ማቅለያ በተቀበልሁ ኖሮ እያለ ይመኝ እንደነበር ተዘግቧል። የፈቃድ ጾም ጠላት ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ልክ ያጣ ትጋትም ነው። ሰው ከታዘዘው በላይ በመሥራቱ ራሱን ማድነቅ ከጀመረ፣ በጾም ሊያለዝበው የተነሣው ነፍሱ በጾሙ ይወፍራል።

5. ቀዷ ያለባት ሴት ጉዳይ

ከላይ የተነሣው ቅደም ተከተል ከሁሉ ይልቅ በሕይወት የሚፈተነው በሴቶች ዘንድ ነው። በወር አበባ ምክንያት በረመዳን ስድስት ወይም ሰባት ቀን ያለፋት ሴት እነዚያን ቀናት መተካት ግዴታዋ ነው። ሸዋል ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ስድስቱን ይጀምራል፤ እርሷ ግን ዕዳ አለባት። የትኛውን ታስቀድም?

በሐንበሊ መዝሀብ የታወቀው አቋም ቀዷ ሳይከፈል የፈቃድ ጾም አይጸናም የሚል ነው። ሐነፊዮች ያለ ችግር ይፈቅዳሉ፤ ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች ይፈቅዳሉ፣ ነገር ግን ቀዷውን ማዘግየት አይወዱም። ዓኢሻ የረመዳን ቀዷቸውን እስከ ሻዕባን ያቆዩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም መዘገቡ ጊዜው ሰፊ መሆኑን ያመለክታል። ከኋለኞቹ የሻፊዒይ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ደግሞ በሸዋል ውስጥ ቀዷዋን የጾመች ሴት የሸዋልን ሱና መሠረታዊ ምንዳ ታገኛለች፣ የተሟላው ምንዳ ግን ለየብቻ ለጾመ ነው ብለዋል።

በሐረር የሸዋልኢድ ጾም በረመዳን ያለፈን ቀን ከማካካስ ጋር ተያይዞ የሚነገር መሆኑ ከዚህ ክርክር አንጻር ትኩረት የሚስብ ነው። ሕዝቡ በልማዱ ያስተሳሰራቸውን ሁለት ነገሮች ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ይለያያሉ። ልማዱ ዕዳ ያለባትን ሴት ብቻዋን ሳይተው ከቤተሰቡ ጋር አብራ እንድትከፍል ያግዛታል፤ ይህ ትልቅ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ለስድስቱ ቀናት የምትተጋ፣ ቀዷዋ ግን ከዓመት ዓመት የሚከማችባት ሴት ብትኖር፣ የሚታየው ትርፍ የማይታየውን ዕዳ ይሸፍናል። የሸዋልን ትምህርት የሚሰጥ መምህር የስድስቱን ቀናት ምንዳ በሚያወሳበት ቦታ ሁሉ የቀዷን ጉዳይ አብሮ ቢያነሣ፣ ብዙዎች ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ነገር ያቀልላል። የነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባዋና ሐኪም ከጾም የከለከለው ሕመምተኛ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ግዴታው እንኳ የተላለፈለት ሰው በፈቃዱ ጾም ራሱን እንዲጎዳ ሸሪዓው አይጠይቀውም።

6. ሙቀት፣ ሌሊትና ነፍስ

በድሬዳዋ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ያለው የጾም ጊዜ በየትኛውም ወቅት ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። የሚያከብደው ርዝመቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። የጨረቃው ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ሸዋል በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። በግንቦትና በሰኔ ሐሩር የሚጾመውና በታኅሣሥ ነፋሻ ቀን የሚጾመው በስም አንድ ቢሆኑም ለነፍስ ፈተናቸው ይለያያል።

ሌላው የአካባቢው ፈተና ጫት ነው። በድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ለብዙዎች የበርጫ ሰዓት ነው። ጾመኛው ከምግብና ከውኃ ጋር ይህንንም ይተዋል፤ ለለመደው ሰው ከረኃቡ ይልቅ የሚከብደው ይህ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ከመግሪብ በኋላ ይቀጥላል። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ጾምን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ሆድንና ፍትወትን የሚገታ የብዙኃን ጾም፤ ዓይንን፣ ጆሮን፣ ምላስን፣ እጅንና እግርን ከኃጢአት የሚገታ የምርጦች ጾም፤ ልብን ከአላህ ሌላ ከሆነ ሐሳብ ሁሉ የሚገታ የምርጦች ምርጥ ጾም። በኢፍጣር ጊዜ ቀን የቀረውን ሁሉ ማካካስ የጾምን ዓላማ እንደሚያጠፋም ያስጠነቅቃሉ። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ቀኑን በእንቅልፍ አሳልፎ ሌሊቱን በበርጫ የሚያነጋ ሰው ሰዓቱን አዛወረ እንጂ ነፍሱን አልገታም። በፈቃድ ጾም ይህ ይበልጥ ይጎላል፤ ማንም ሳያስገድደው የጀመረውን ነገር ባዶ ያስቀረው ራሱ ነውና።

7. ስውርነትና ማኅበር

ጾም ለአላህ ብቻ እንደሆነና ምንዳውን እርሱ ራሱ እንደሚሰጥ በታወቀ ሐዲሥ አልቁድሲ ተነግሯል። ከሊቃውንቱ ማብራሪያዎች አንዱ ጾም የማይታይ ሥራ መሆኑ ነው። ሶላት ይታያል፤ ዘካ ተቀባይ አለው፤ ሐጅ ጉዞ አለው። ጾም ግን የሚደረግ ሳይሆን የሚተው ነገር ነው። በጓዳ ውኃ ጠጥቶ የወጣና የተጠማ ሰው በአደባባይ አይለዩም።

በማኅበር የሚጾመው ሸዋል ይህን ስውርነት ያሳጣል? በከፊል አዎ። ሁሉም እንደሚጾም በሚታወቅበት ቤት መብላት ያሳፍራል፤ ኀፍረት ደግሞ የኢኽላስ ምትክ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል ብቻውን ለሱሁር የማይነሣ ወጣት እናቱ ስትቀሰቅሰው ይነሣል፤ በዚያ የለመደውን ሲጎለምስ በራሱ ፈቃድ ያደርገዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ራሱ አይነቀፍም፤ የሚመረመረው ጾመኛው በማኅበሩ ውስጥ ይዞት የገባው ልብ ነው። ከላይ የታዩት ድንጋጌዎች ለዚህ ምርመራ ሦስት ጥያቄዎች ይሰጣሉ። እንግዳ ቢመጣበት ጾሙን ለመፍታት ልቡ ይፈቅዳል ወይስ ቁጥሩ እንዳይጎድልበት ይሳሳል? ያልጾመውን ወንድሙን ያለ ንቀት ማየት ይችላል? በዓል የማይከተለውን፣ ማንም የማያስታውሰውን አንድ ሰኞ ወይም ሐሙስ ብቻውን ይጾማል?

8. ማጠቃለያ

የሸዋል ስድስት ቀናት በድሬዳዋ ሃይማኖትና ልማድ ተደጋግፈው የቆሙበት ጾም ነው። ጽሑፉ እንዳመለከተው፣ የፈቃድ ጾም መንፈሳዊ ትርጉም ከግዴታው ጾም ላይ ቀን በመጨመሩ ብቻ አይገኝም። ረፋድ ላይ በሚያዝ ኒያ ማጣት ወደ ምስጋና ይለወጣል፤ ለእንግዳ በሚፈታ ጾም የሰው መብት ይከበራል፤ በተወሰነ ቁጥር ትጋት ልክ ይበጅለታል፤ በቀዷ ቀዳሚነት ትርፍ ከዕዳ በኋላ እንዲመጣ ይደረጋል። እነዚህ ተጠብቀው የሚጾም ሸዋል የጋራ ልማድ ቢሆንም ፈቃድነቱን አያጣም።

ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ነገሮችን መጠቆም ይቻላል። በመድረሳና በመስጊድ የሚሰጠው የሸዋል ትምህርት ከምንዳው ብዛት ጋር የመፍታትን ፈቃድና የቀዷን ቅደም ተከተል ቢያካትት፣ ኢማም ማሊክ የሰጉበት መደናገር ይቀንሳል። እንዲሁም ሸዋል ለዓመቱ የፈቃድ ጾም መግቢያ ተደርጎ ቢታይ፣ በማኅበር የተጀመረው ነገር በየሳምንቱና በየወሩ ባሉት ጸጥተኛ ቀናት ይቀጥላል። ሰባተኛው ቀን ካለፈ በኋላ «ስንተኛህን ያዝህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ፈቃድ በትክክል የሚታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው።